ደመና፣ ነይ

ውሻዋ አትሰማም።

አትታዘዝም ማለት አይደለም። እሱንማ ቤቱም ሰፈሩም ያውቀዋል። ሐኪሙ ያለው ሌላ ነው፤ ጆሮዋ አይሰማም። ከተወለደች ጀምሮ አንዲት ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ጩኸትም፣ ፉጨትም፣ የራሷን ስምም።

«ምን ማለት ነው አትሰማም?» አለች ቶሎ።

ቶሎ መጋረጃ ሰፊ ናት። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው። ግን ጠዋት «ቶሎ በሉ»፣ ማታ «ቶሎ እንጂ» ስትል ስትል ባሏ ቶሎ አላት፣ ደንበኞቿ ተከተሉት፣ የገዛ ልጇም አንድ ቀን «እማዬ ቶሎ» ብላ ጠራቻትና በዚያው ጸደቀ። ዛሬም የሱቋን በር ገርበብ አድርጋ፣ ማሽኑ ላይ ግማሽ የተሰፋ መጋረጃ ጥላ ነው የመጣችው። ለሐኪሙም ገና ከበር «አየት አድርጋትና ልሂድ፤ ዛሬ ልንመልሳት ነው» ብላው ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እርጋታው ያናድዳል። ሁለት የብረት ሳህን አነሳ፣ ከውሻዋ ጀርባ ቆመ፣ አየር ላይ አጋጫቸው።

ቶሎ ከወንበሯ ዘለለች። ውጭ ተራ የሚጠብቅ ድመት ሲያለቅስ ተሰማ። ውሻዋ መስኮቱ ላይ ያለች ዝንብ እያየች ነበር። ጆሮዋ ንቅንቅ አላለም።

«ትዕቢት ነው» አለች ቶሎ። «እቤትም እንዲሁ ናት። ጆሮ ዳባ ልበስ።»

«ትዕቢት አይደለም።»

«አንተ አታውቃትም። እልኸኛ ናት። መጠለያ ያሉትም ነግረውናል።»

ሐኪሙ ሳህኖቹን ደገማቸው። ዝንቧ በረረች። ውሻዋ ዝንቧን በዓይኗ ሸኘቻት።

«መሬት ላይ ብጥለው በመዳፏ ታውቀው ነበር» አለ። «ንዝረቱን ማለቴ ነው። አየር ላይ ግን ምንም የላትም። ጭንቅላቷ ሙሉ ነጭ፣ ዓይኗ እንዲህ የነጣ፤ በዚህ ዘር ላይ ሁለቱ ሲገጥሙ ብዙ ጊዜ ጆሮ ይጎድላል። ቆይ፣ እስከ ዛሬ እንዴት ሳታውቁ? ስትጠሯት ምን ታደርግ ነበር?»

ቶሎ ክው አለች። ምን ትበል? ስንጠራት አትመጣም፣ እኛም ድምፃችንን እንጨምራለን፣ አሁንም አትመጣም፣ እኛም እንጨምራለን ትበል?

ነገሩ ግን ልክ እንደዚያ ነበር።

የቶሎ ቤት የጩኸት ቤት ነው። ጠብ የለም፤ እንዲያው ልማድ ነው። ባሏ በመዶሻና በሞተር መሀል የሚውል መካኒክ ነው፤ ጨው አቀብሉኝ ሲል ሰው የተገጨ ይመስላል። ቶሎ ከስፌት ማሽኗ በላይ ማውራት ለምዳለች። ልጃቸው መኝታ ቤት ሆና ኩሽና ካለች እናቷ ጋር ስለ ሒሳብ የቤት ሥራ ትከራከራለች። የባሏ እህት ስትመጣ ደግሞ ራዲዮው ይዘጋል፤ አያስፈልግማ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመልሳሉ። ማን ማንን እንደሰማ የሚያጣራ የለም።

ደመና የመጣችው እዚህ ቤት ነው።

ውሻ ካላመጣችሁ ብላ የወጠረችው ልጅቷ ናት። አባቷ «ውሻ ሳይሆን ሥራ ነው የምታመጪብን» አለ፣ እናቷ «ጊዜ የለኝም» አለች፣ መጨረሻ ላይ ሦስቱም የውሾች መጠለያው በር ላይ ተገኙ። ውሻዋ ዓመት አልሞላትም። የበግ እረኛ ዘር ናት፤ ገላዋ ግራጫና ጥቁር ዝንጉርጉር፣ ከአንገቷ በላይ ግን ጥጥ። ልጅቷ እዚያው ቆማ ደመና አለቻት። የመጠለያዋ ሴትዮ ምንም አልደበቀቻቸውም።

«ከሁለት ቤት ተመልሳለች። አትታዘዝም ብለው ነው። ትንሽ እልኸኛ ናት። እናንተም ከመለሳችኋት ሌላ ቤት አንፈልግላትም፤ ቦታም የለን። ያኔ እንግዲህ…» ብላ ልጅቷን አየት አድርጋ ዝም አለች።

ያኔ ምን እንደሚሆን ልጅቷ ስላለች አልተነገረም። ለትልልቆቹ ግን ገብቷቸዋል።

«እኛ እንገራታለን» አለ መካኒኩ። ድምፁ ግቢው ውስጥ ያለውን ውሻ በሙሉ አስነስቶ አስጮኸው። አንዷ ብቻ ምንም ሳይመስላት ጫማውን ታሸታለች። «አያችሁ?» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እኔን አልፈራችኝም። ወዳኛለች።»

ጉልበቷ አያልቅም። ጠዋት ተነስታ ቤቱን ትዞራለች፤ ጠረጴዛውን፣ አልጋውን፣ ቶሎ ጠቅልላ ግድግዳ ላይ ያስደገፈችውን የመጋረጃ ጨርቅ ሳይቀር። የተበተነ ነገር አትወድም። የልጅቷ ጓደኞች ሲመጡ በተረከዝ በተረከዛቸው እየገፋች አንድ ጥግ ላይ ትሰበስባቸዋለች፤ አንዱ ፈንጠር ካለ ዞራ ታመጣዋለች። አንድ ቀን የባሏን እህት ከሳሎን አስነስታ ኩሽና ድረስ ነዳቻት። ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ «ይቺን ነገር አንሱልኝ» ስትል ቶሎ በሳቅ ልትሞት።

«ምን ታድርግ፣ ያልታጠበ ዕቃ አይታ ነው ያስገባችሽ።»

መጥራት ግን አይሞከርም። ደመና ነይ። ደመና ተይ። ደመና ውረጂ ከዚያ። ወፍ የለም። መካኒኩ ይጮሃል፣ ቶሎ ታግዘዋለች፣ ልጅቷ ትጨምርበታለች። አንድ ከሰዓት ሦስቱም በረንዳ ላይ ተሰልፈው ግቢ ውስጥ ያለችውን ውሻ «ደመና፣ ነይ» ሲሉ ሲሉ፣ ከላይኛው ፎቅ ጡረተኛው አስተማሪ በመስኮት ብቅ አለ።

«እሷ እንቢ ካለች እኔ ልምጣ?»

ቤቱ ውስጥ ደመና የምትታዘዘው አንድ ሰው ነው፤ የቶሎ አማት።

አማቷ የመካኒኩ እናት ናቸው። ሁሉም እማማ ይላቸዋል። ጉልምስናቸውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ውስጥ ቆመው የጨረሱ ሴት ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የሚያወራውን ሁሉ ትክ ብለው ያያሉ። ደመና ከእግራቸው ሥር አትጠፋም። ሲቀመጡ ትቀመጣለች፣ ሲነሱ ትነሳለች፣ ዞር ሲሉ ፊታቸውን ታያለች። ቶሎ በዚህ ውስጥ ውስጡን ትቃጠላለች። የማበላት እኔ፣ የማጥባት እኔ፣ ጸጉሯን ከጨርቄ ላይ ስለቅም የምውለው እኔ፤ ፍቅሩ ለእሳቸው።

ስለ እማማ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። ሐሳባቸው እየሸሸ ነው ይባላል። መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ ሲሏቸው ሽንኩርቱ አላለቀም ይላሉ። ከኋላ ሲጠሯቸው አይመልሱም። ውሻዋ ከመምጣቷ በፊት አንድ ቀን ልጅቷ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደውሉን ብትደውል፣ በሩን ብትደበድብ የሚከፍት ጠፋ። ቶሎ እስክትደርስ ዝናብ ወረደባት። ገብተው ቢያዩ እማማ እዚያው ናቸው፤ አተር ይፈለፍላሉ። ቶሎ ያን ቀን ደሟ ፈልቶ በሥርዓት አልተናገረችም። የባሏ እህት ግን በሥርዓት ተናገረች፤ «እናታችን ብቻዋን መዋል አትችልም። መጦሪያ ትግባ፣ የሚያያት ሰው ታግኝ» አለች። መካኒኩ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ግማሽ እሺ ብሏል ማለት ነው።

ደመና ከመጣች ወዲህ በሩ በሰዓቱ ይከፈታል። እንዴት ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ የመንገዱ ነገር መጣ።

በዕረፍት ቀን ሁሉም ከመናፈሻው ሲመለሱ ነው። ልጅቷ ማሰሪያውን ላላ አድርጋ ይዛለች። ብስክሌተኞች በቡድን ሆነው አለፉ፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ቀርቶ፣ ተበታትነው። ደመና ይህን አይታ ዝም ትበል? ማሰሪያውን መንጭቃ ተፈተለከች። መካኒኩ ጮኸ። ቶሎ ጮኸች። መንገደኛው ሁሉ ዞረ፤ ደመና ብቻ አልዞረችም። ልጅቷ ስሟን እየጠራች ተከትላት አስፋልት ገባች። የጭነት መኪናው ፍሬን ያዘ። ጎማው ሸተተ። የፊት መከላከያው ብረት ከልጅቷ ጉልበት ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ቶሎ እስካሁን ዓይኗን ስትጨፍን የሚታያት ያ መከላከያ ነው።

ደመናን ከመኪናው ማዶ አስፋልቱ ላይ ለጥ ብላ ተኝታ አገኟት። ደንግጣ ነው ተባለ። እማማ ከኋላ መዳፋቸውን ዘርግተው እንደ ሐውልት ቆመው ነበር። እሳቸውም ደንግጠው ነው ተባለ።

መካኒኩ እቤት ሲደርስ አልጮኸም። ያስፈራው እሱ ነው። «ትመለሳለች» አለ በቀስታ። ልጅቷ ትራሷን አቅፋ ግድግዳ ዞረች። ቶሎም አልተከራከረችም። ምን ብላ ትከራከር? ሁለተኛ መከላከያ አይቆምላቸው ይሆናል።

መጠለያው ሐኪም ሳያያት አልቀበልም አለ። ሐኪሙ ጋ የመጣችው ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ፣ መካኒኩ በጋራዡ መኪና መጥቶ ሊወስዳት ነው። ሦስተኛው መመለስ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ ሴትዮዋ ሳትናገር ተናግራዋለች።

«የምትሰማው ሰው የላትም ማለት ነው?» አለ ሐኪሙ። «ለአንድ ሰው እንኳ አትታዘዝም?»

«ትታዘዛለች። ለአማቴ።»

«ምን ብለው ነው የሚያዟት?»

ቶሎ ልትመልስ ነበር። ምን ብለው ነው? እማማ ይችን ውሻ በስሟ ሲጠሩ ሰምታ ታውቃለች? አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ። የሚታያት እጃቸው ነው። መዳፍ ወደ ታች፤ ውሻዋ ትተኛለች። ደረት መታ መታ፤ ትመጣለች። አንድ ሌላም አለ፤ የባሏ እህት ግቢ ስትገባ በመስኮት ሲያዩ እማማ በሌባ ጣታቸው የላይኛውን ከንፈራቸውን ጠረግ ያደርጋሉ፤ ያኔ ደመና ተነስታ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ቶሎ ይህን አይታ ስቃ ታውቃለች። ስቃ አለፈች።

የመንገዱም መዳፍ መጣባት። ያ የተዘረጋ መዳፍ።

«በእጃቸው ነው» አለች። ድምፅዋ አነሰባት። «ምንም አይሉም። በእጃቸው ብቻ።»

«እንግዲያው እሳቸው አውቀዋል። ቀድመዋችኋል።»

«አውቀው ለምን ዝም ይላሉ?»

«እሱን ለእሳቸው ነው መጠየቅ ያለብዎት» አለ ሐኪሙ። ውሻዋን ከጠረጴዛው አወረዳት። «አለመስማቷ በሽታ አይደለም። በእጅ የሚያዛት ካለ ከሌሎቹ እኩል ትኖራለች። መንገድ ላይ ማሰሪያ አይለቀቅም፣ አለቀ። ልትመልሷት ነው ያሉኝ?»

ቶሎ ቦርሳዋን ብድግ፣ የውሻዋን ማሰሪያ ጨበጥ አድርጋ ወጣች። ሱቋን አልፋ ሄደች፤ ገርበብ ያለውን በርም አላየችው።

መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይኼ በራሱ ጉድ ነው። ደመና ትንሽ ትሄድና ዘወር ብላ ፊቷን ታያለች። ድሮም ታይ ነበር። ቶሎ «ምን ታፈጭብኛለሽ» ትላት ነበር። ለካ ውሻዋ እየጠየቀች ነው። ወዴት? ልቁም? ልሂድ? ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ማንም አልጠራትም። ሦስት ሰው በረንዳ ላይ ተሰልፎ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ነው የምታየው። ሌሎቹ ሁለት ቤቶችም እንደዚያው አፋቸውን ሲከፍቱባት ቆይተው፣ አትታዘዝም ብለው መለሷት።

መንገድ ላይ ሰው እንዳያያት አፍንጫዋን ጠረገችና እርምጃዋን ጨመረች።

ደረጃው ላይ ሳለች ነው ራዲዮው የተሰማት። ጣቢያ ስቶ ይንሿሿል። ሽሽሽሽ። ከመሬት እስከ ላይኛው ፎቅ። በሩን ከፍታ ገባች። እማማ ጠረጴዛው ጋ ጀርባቸውን ሰጥተው የታጠበ ልብስ ያጣጥፋሉ። ራዲዮው ክንዳቸው አጠገብ ነው። ፎጣውን ለሁለት ያጥፋሉ፣ በእጃቸው ይጫኑታል፣ ሌላ ያነሳሉ። ያ ሁሉ ድምፅ እንደሌለ።

ቶሎ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«እማማ» አለች።

ፎጣው ለሁለት ታጠፈ።

«እማማ፣ መጣን።»

ደመና ማሰሪያዋ ሲፈታላት ወደ ውሃ ሳህኗ ሄዳ አጎንብሳ መጠጣት ጀመረች። ቶሎ እጇን በእማማ ትከሻ ላይ አሳልፋ ራዲዮውን ልትዘጋው ነበር፤ ግን እጇን መለሰች። በሌላ በኩል ዞራ፣ ሳይታዩዋት፣ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለችው። ቤቱ ጸጥ አለ። እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

እማማ ማጣጠፋቸውን ቀጠሉ።

ቶሎ ወደ ኩሽና ገባች። ሁለት የድስት ክዳን ይዛ ወጣች። ከአማቷ ጀርባ ቆመች፤ እማማ በአንድ በኩል፣ ውሻዋ በሌላ በኩል፣ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። ክዳኖቹን አየር ላይ አጋጨቻቸው።

መስታወቱ ተርገበገበ። ከላይ ጡረተኛው አስተማሪ ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። «ዛሬ ደግሞ ከበሮ ጀመራችሁ?» ሲል ተሰማ።

እማማ የልጅቷን ካልሲ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ነው። ደመና ውሃዋን ትልሳለች። አልዞሩም። አንዳቸውም።

ቶሎ ክዳኖቹን እንደያዘች ቆመች። በሩ ያልተከፈተበት ቀን መጣባት። አተሩ። ዝናቡ። ያን ቀን ያለቻቸው ነገር። ሽንኩርቱም። ሐሳባቸው ሸሸ የተባሉት ሴትዮ ሐሳባቸው እዚሁ ነው፤ የሸሸው ሌላ ነው። ይህን ያህል ዓመት አንድ ቤት ተኖሮ። በአንድ ገበታ እየተበላ።

እማማ የጨረሱትን ሊያስቀምጡ ዞር አሉ። አዩዋት። ክዳኖቹን አዩ። ፊቷን አዩ። ካልሲው ከእጃቸው አልወደቀም፤ እሳቸው እንደዚያ ዓይነት ሴት አይደሉም። ቀስ ብለው ቅርጫቱ ውስጥ ከተቱት።

ቶሎ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ «ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«ቆየ» አሉ እማማ።

መለሱ። ያልተሰማውን መለሱ። ቶሎ ክዳኖቹን ጠረጴዛው ላይ ለቀቀቻቸው። በመንኳኳቱ ደመና ወለሉ ላይ አንድ ነገር የተሰማት ይመስል ቀና አለችና ወደ እማማ እግር መጣች።

«ቀስ እያለ ነው የሄደው» አሉ እማማ እየተቀመጡ። «እዚያ ፋብሪካ የሽመና መኪኖቹ ሲነሱ የራስሽን ሳል አትሰሚም። በእጅና በከንፈር ነበር የምናወራው። ከዚያ ስወጣ ዓለሙ ሁሉ እንደዚያው ሆኖ ቆየኝ። መጀመሪያ ድካም ነው አልኩ። ደህና ነኝ እኮ፣ ልጄ። አፍ ካየሁ እሰማለሁ። እናንተ ግን ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ነው የምታወሩት። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው። የማንን አፍ ልያዝ?»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ዝም አለና?»

እማማ ፈገግ አሉ፤ ለማስቀየም አልነበረም።

«ውሻዋስ?» አለች ቶሎ። ይህን በድምፅ ነው ያለችው፤ ፊቷን ግን አቅንታ።

«የመጣች ዕለት። ያ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ሲጮህባት አፉን ነበር የምታየው። እንደኔ።» እጃቸውን በውሻዋ ነጭ ጭንቅላት ላይ አሳረፉ። «የፋብሪካውን እጅ አስተማርኳት። ፈጥና ነው የምትይዘው፤ እኛ ክፍል የነበሩ ስንት ሰነፎች ነበሩ መሰለሽ።»

«ከንፈር የሚጠረገውስ?»

«እሱ አለቃ መጣ ማለት ነው። አለቃችን ሪዛም ነበር። አንዷ ካየችው ከንፈሯን ጠረግ ታደርጋለች፣ ሁላችንም ወደ ሥራችን።» ሳቅ አሉ። «ልጄ ስትመጣ ነው የማደርገው። ሴቷ። እንዳትነግሪያት።»

ቶሎም ልትስቅ ነበር። ሳቁ መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባት።

«በሩንም እሷ ናት የምታስከፍተኝ» አሉ እማማ። «ልጅቷን በመስኮት ስታይ ትመጣና ተረከዜን ትገፋኛለች። በሩ ድረስ ነድታ ታደርሰኛለች። በስተርጅናዬ በግ ሆኜልሻለሁ።»

«ይህን ሁሉ እያወቁ… እማማ፣ ዛሬ እኮ ልትወሰድ ነው። ለምን አንድ ቃል አይናገሩም?»

ቶሎ ጠበቀች። መጠበቅ እንደምትችል አታውቅም ነበር።

«ብናገር ምን ትላላችሁ? አትሰማም፣ ትመለስ። ከዚያ ቀጥሎ ዓይናችሁ ወደማን ይዞራል?» አሉ እማማ። «ስለ መጦሪያው ያወራችሁትን አላወቅሁም መሰለሽ? ያቺ ልጄ ስታወራ አፏ ከሩቅ ይነበባል። እኔን ተዪኝ። ሁለታችንም በአንድ ቀን እንዳንታወቅ ብዬ ነው። በመንገዱም ቀን ማዶ ደርሳ ዘወር ስትል መዳፌን አይታ ባትተኛ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። እሱንም አልተናገርኩ። ፈራሁ።»

የባሏ እናት፣ በዚያ ፋብሪካ ያን ሁሉ ዓመት የቆሙ ሴት፣ ይችን ሚስጥር ጉያቸው ውስጥ ይዘው፣ በዚህ ወንበር ላይ፣ በየቀኑ አፍ አፋቸውን እያዩ ሲፈሩ ኖረዋል። የሚፈሩት እነሱን ነው። እሷንም ጨምሮ።

«ለእሱ አትንገሪው» አሉ እማማ።

«እነግረዋለሁ።»

«ልጄ…»

«እነግረዋለሁ፤ ተቀምጦ፣ አፉን ዘግቶ ይሰማኛል።» ቶሎ ወንበር ሳበችና ጉልበታቸው ከጉልበቷ እስኪነካ ድረስ ተጠጋች። ፊቷን ፊታቸው ላይ አደረገች። በሕይወቷ እንዲህ ቀስ ብላ ተናግራ አታውቅም። «ከዚህ ቤት ማንም የትም አይሄድም። እርስዎም። እሷም።»

እማማ ከንፈሯን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ቅርጫቱ መለሱና የልጃቸውን ሸሚዝ አንስተው ማጣጠፍ ጀመሩ። ሸሚዙ ግን ሁለቴ ተበላሸባቸው።

ከታች የመኪና ጡሩምባ ተነፋ።

«ቶሎ፣ ውሻዋን አውርጃት፣ መንገድ ዘግቻለሁ» አለ መካኒኩ ከግቢው። ከላይ የአስተማሪው መስኮት ተከፈተ። የጓሮ ዶሮዎች ተንጫጩ። «ቶሎ፣ አትሰሚም እንዴ?»

እማማ ሸሚዙን ያጣጥፋሉ። ደመና ተረከዛቸው ላይ አገጯን አስደግፋ ዓይኗን ከደን ከፈት ታደርጋለች። ሁለቱም ምንም አልመጣባቸውም።

የመኪናው በር ተዘጋ። እግሩ ደረጃው ላይ ተሰማ፤ እንደ ልማዱ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ፣ እያወራ። ልጅቷ ሳትመጣ መሄድ አለብን ይላል። ጨክኜ ነው ይላል። እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለሽ ይላል።

ቶሎ ተነሳች። ሁለቱም የሚያዩዋት ቦታ፣ ጠረጴዛው ፊት ለፊት፣ ሄዳ ቆመች። ሌባ ጣቷን አነሳችና የላይኛውን ከንፈሯን ጠረገች።

ደመና ጠረጴዛ ሥር ገባች። እማማ ሸሚዙን አስቀመጡት።

ቶሎ ሄዳ በሩን ከፈተችና መሀሉ ላይ ቆመች።